የዕለት ተግባራችንን ስለ ማመዛዘን

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ከፊታችሁ ቀርበን የምንናገረው ሁሉም ስለሚያውቀው፥ ስለሚያውቀውም ልብ ስለማይለው ነገር ነው፤ ይኸውም ከጧት ተነሥተን እስክንተኛ ድረስ ቀኑን እንዴት እንደምናሳልፈው ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ እንደሚታያችሁ እናውቃለን። እኛም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንዲሁ ይመስለን ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በአንድ ጓደኛችን ላይ የደረሰው ነገር ስለሆነ፥ በፈቃዱ ስሙን ሳንጠራ ከዚያ እንጀምራለን።

ይህ ጓደኛችን ከእኛው ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር፥ በትምህርቱ የተመሰገነ፥ በማኅበራችንም ሥራ ከማንም ቀድሞ የሚገኝ ተማሪ ነበር። ቀን ትምህርቱን ይከታተላል፤ ማታ የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፤ ሌሊቱን ያነባል። እንቅልፍ ሲያስቸግረው ጫት ይቅማል፤ ጫቱም በተራው እንቅልፉን ሲያባርርበት የሚቀጥለውን ሌሊት እንደዚያው ያነጋል። ቅዳሜና እሑድ በከተማ የሰው ልጆች እያስጠና ለታናሽ እኅቱ የደብተር መግዣ ይልካል። ከእኛ ጋር በሐይቁ ዳር መንሸራሸር ትቶ ነበር፤ ከአገሩ ይዞት የመጣውንም ክራር ዓመቱን ሙሉ ከአልጋው ሥር አላወጣውም። እኛም «ጐበዝ ነው» እያልን እናደንቀው ነበር እንጂ «ደኅና ነህ ወይ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት አጋማሽ ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ፥ ልቡ ያለ ምክንያት ይመታ፥ ያነበበውም ከራሱ ይጠፋ ጀመር። አንድ ቀን ጧት ከአልጋው መነሣት አቃተው። ደግፈን ወደ ሐኪም ወሰድነው። ደሙ ተመረመረ፤ ወባ የለም፥ ታይፎይድ የለም፥ ልቡም ደኅና ነው ተባለ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ወንበሯን ጠጋ አድርጋ «ከጧት ጀምረህ ቀንህን እንዴት እንደምታሳልፍ ንገረኝ» አለችው። ጓደኛችን ጥቂት ከተናገረ በኋላ ዝም አለ፤ እንባውም መጣ። በክፍላችን ውስጥ ይህን ጥያቄ እስከዚያን ቀን ማንም አልጠየቀውም። እርሱም ትምህርቱን ለመንፈቅ ዓመት አቋርጦ ወደ ወላጆቹ ሄደ።

እኛ ግን ጥያቄው ከራሳችን አልወጣ አለ። መጻሕፍት ስናገላብጥ፥ መምህራኖቻችንንም ስንጠይቅ፥ ይህን ጥያቄ ሥራዬ ብሎ የያዘ አንድ የሕክምና ሙያ መኖሩን ተረዳን። ስሙ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል። በአማርኛ የረጋ ስም ገና ስላልወጣለት፥ ለዛሬው «በዕለት ተግባር ማከም» ብንለው ትርጉሙን የምናስት አይመስለንም።

በዚህ ሙያ አነጋገር ተግባር ማለት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ብቻ አይደለም። ሰው ጊዜውን የሚይዝበት ማናቸውም ነገር ተግባር ይባላል፤ ፊት መታጠብ፥ ልብስ መልበስ፥ ቡና ማፍላት፥ ማረስ፥ ማጥናት፥ ልጅ ማሳደግ፥ ገና መጫወት፥ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ፥ መተኛትም ጭምር። በሽታም ሆነ ጉዳት ሰውን የሚጎዳው አካሉን በማሳመም ብቻ ሳይሆን ከእነዚህ ተግባሮች በመለየትም ነው። ስለዚህ ባለሙያው በሽተኛውን ወደ ተግባሩ ለመመለስ ይጥራል፤ በዚሁ በተግባሩ አማካይነትም ያክመዋል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በስትሮክ ምክንያት ግማሽ አካሏ የደነዘዘ አንዲት እናት ብትኖር፥ ፊዚዮቴራፒስቱ የደከመውን ጡንቻዋን ለማበርታት ይደክማል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ደግሞ «ይህች ሴት ነገ ወደ ቤቷ ስትመለስ እንጀራዋን እንዴት ትጋግራለች? ቡናዋን ለጎረቤቷ እንዴት ታቀርባለች?» ብሎ ይጠይቃል። ምጣዱን ከመሬት ከፍ ማድረግ፥ ጀበናውን በደኅናው እጅ መያዝን ማስለመድ፥ የአንዱን ቀን ሥራ ከፍሎ በመካከል ማረፍን ማስተማር የእርሱ ድርሻ ነው። ሁለቱ ሙያዎች ይተጋገዛሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ሙያው ዕድሜው ብዙ አይደለም። በአሜሪካ ጆርጅ ባርተን የተባለ አንድ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ በሳንባ ነቀርሳና በግራ ጐኑ ሽባነት ከተሠቃየ በኋላ፥ በእጁ እየሠራና አትክልት እየኮተኮተ ራሱን እንደገና አቋቋመ። እርሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1917 በኒው ዮርክ ግዛት፥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ ተሰብስበው የሙያውን የመጀመሪያ ማኅበር መሠረቱ። ወዲያውም ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቈስለው የተመለሱ ወታደሮች ስለበዙ ሙያው በሆስፒታሎች ተፈላጊ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1952 የሙያው የዓለም ፌዴሬሽን ተቋቋመ።

ለእኛ ለተማሪዎች ግን ከሁሉ የሚጠቅመን አዶልፍ ማየር የተባለው የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ንግግሩ ያስረዳው ነገር ነው። ማየር እንዳለው፥ የሰው ሕይወት በአራት ነገሮች ምት ይሄዳል፤ እነዚህም ሥራ፥ ጨዋታ፥ ዕረፍትና እንቅልፍ ናቸው። ኑሮ አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ እንኳ ሰው እነዚህን አራቱን ማመዛዘን መቻል አለበት፤ ይህንንም የሚማረው በምክር ብቻ ሳይሆን በተግባር እያደረገው ነው። ጓደኛችንን በዚህ ብናየው ከአራቱ አንዱ ብቻ ቀርቶት ነበር ማለት ነው። ሥራ ሦስቱን በልቷቸዋል።

ይህ ነገር የውጭ አገር ሐሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ ዓይናችንን ወደ አጠገባችን እንመልስ። በአገራችን ሰውን ከሕመሙ በኋላ ወደ ኑሮው የመመለስ ሥራ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በመናገሻ የተጀመረው የቼሻየር በጎ አድራጎት ሥራ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን እያነሣ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ደግሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ከማከም ጋር መልሶ ማቋቋምን ከስሙ ጀምሮ የያዘ ድርጅት ነው።

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት በዲግሪ ደረጃ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተውም ሩቅ አይደለም፤ ከጣና ማዶ፥ ከዚህ በመኪና መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህም የሆነው ዩኒቨርሲቲው በካናዳ ከሚገኘው ከኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 ከጀመረው ትብብር የተነሣ ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት የጤና መኮንኖችን፥ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ሕዝብን ቤቱ ድረስ ሄዶ መርዳት የጀመረ ትምህርት ቤት ዛሬ የሕዝቡን የቀን ውሎ መመርመሩ ተገቢ ነው እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንግባ። ተግባርን ማመዛዘን ማለት ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችን ሚዛን ሲባል የገበያ ሚዛን ይታየናል፤ በአንዱ ወገን ስምንት ሰዓት ሥራ፥ በሌላው ስምንት ሰዓት ጨዋታ አድርጎ ማስተካከል ይመስለናል። እንዲህ አይደለም። የዘጌው ገበሬ ቡናው በደረሰ ጊዜ ከንጋት እስከ ማታ ይለቅማል፤ እኛም በፈተና ሰሞን ከሌላው ጊዜ ይልቅ እናነባለን። ይህ ራሱ በሽታ አያመጣም። የሚጎዳው፥ የለቀማው ሰሞን ካለፈ በኋላም የለቀማ ሰሞን እንደሆነ ሲቀር ነው።

በዚሁ በሐይቃችን ላይ ያለውን የደንገል ታንኳ ሁላችሁም አይታችኋል። በታንኳ ሥራ የታወቁት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት፥ ደንገል ውሃ ይመጣል። ታንኳው ጭነቱን ካራገፈ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ በፀሐይ ይደርቃል። ሁልጊዜ በውሃ ላይ የተተወ ታንኳ ቀስ በቀስ ይከብድና፥ አንድ ቀን በቀላል ጭነት ይሰጥማል። ባለ ታንኳው ታንኳውን ሲያደርቅ ሥራ ፈታ የሚለው የለም፤ ማድረቁ ከሥራው አንዱ ክፍል ነው። እኛ የተማርነው ግን የራሳችንን ማድረቂያ ጊዜ እንደ ስንፍና እንቈጥረዋለን።

ነገር ግን ዕረፍት ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አይደለም። በሎስ አንጀለስ ከተማ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ በሆነ 361 ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ1997 ታትሞ የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሰዎቹ በሦስት ተከፈሉ፤ አንዱ ክፍል ለዘጠኝ ወር ከኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ጋር የዕለት ኑሮውን እየመረመረ አደራጀ፤ ሁለተኛው ክፍል እየተሰበሰበ በጨዋታና በመሳሰለው ጊዜውን አሳለፈ፤ ሦስተኛው ምንም አልተደረገለትም። በመጨረሻ በጤናና በኑሮ ደስታ ብልጫ ያሳየው የመጀመሪያው ክፍል ነበር፤ እንዲሁ ተሰብስቦ የተጫወተው ክፍል ግን ምንም ካልተደረገለት ብዙም አልተለየም። ከዚህ የምንማረው፥ ሰውን የሚያድነው ጊዜ ማሳለፊያ ማግኘቱ ብቻ ሳይሆን ለራሱ ትርጉም ያለውን ተግባር መርምሮ በኑሮው ውስጥ ቦታ መስጠቱ መሆኑን ነው።

ይህ ምርመራ እንዴት ይደረጋል? በስዊድን አገር በሉንድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ የሙያው ምሁራን በጭንቀትና በድካም ከሥራ ለቀሩ ሴቶች የዕለት ተግባርን እንደገና የማደራጀት የ16 ሳምንት ትምህርት አዘጋጅተዋል። በዚህ ትምህርት ሰው መጀመሪያ ቀኑን ይጽፋል። ቀጥሎ የጻፈውን በሦስት ይለያል። ዋና ተግባር የሚባለው ብንጠየቅ ወዲያው የምንናገረው ነው፤ ትምህርት፥ ምግብ፥ እንቅልፍ። ሥውር ተግባር የሚባለው በዋናዎቹ መካከል የሚገባና የማንቈጥረው ነው፤ ወረፋ መጠበቅ፥ ውሃ መቅዳት፥ የጠፋ ደብተር መፈለግ፥ ስልክ መነካካት። ድንገተኛ ተግባር ደግሞ ያላሰብነውና ሥራችንን የሚያቋርጠን ነው፤ መብራት መጥፋት፥ እንግዳ መምጣት፥ የማኅበር ጥሪ። ከዚያም የትኛው ኃይል እንደሚሰጠው፥ የትኛውም ኃይሉን እንደሚወስድበት ይለያል። በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ነገር መርጦ ይለውጣል።

እኛም ጥቂት የማኅበሩ አባሎች ተስማምተን ለአንድ ሳምንት ውሏችንን ጻፍን። ጥናት አደረግን ማለታችን አይደለም፤ ራሳችንን ታዘብን እንጂ። ያገኘነውን ሳንሸሽግ እንነግራችኋለን።

አንደኛው፥ «ጊዜ የለኝም» ይል የነበረው ጓደኛችን ጊዜውን በሥውር ተግባር ሲያጣው ተገኘ። መጽሐፉን ገልጦ የተቀመጠበት ሰዓት ብዙ ነው፤ ነገር ግን በየጥቂት ደቂቃው ስልኩን ያነሣል። አንብቦም አላነበበ፥ አርፎም አላረፈ። ሁለተኛው፥ ከመካከላችን አንዱ በሳምንቱ ውስጥ ደስ ብሎት ያደረገውን አንድ ነገር ፈልጎ አጣ፤ ወረቀቱን ሲያነብልን ድምፁ ተለወጠ። ሦስተኛው፥ የሴት እኅቶቻችን ወረቀት ከእኛ ከወንዶቹ ወረቀት የተለየ ነበር። አንዷ በከተማ ከዘመዶቿ ቤት የምትኖር ስትሆን፥ ደብተሯን የምትከፍተው ወጥ ሠርታ፥ ዕቃ አጥባ፥ የወንድሟን ሸሚዝ ተኵሳ ከጨረሰች በኋላ ነው። «ይህን ሥራ ብዬ መጻፍ አለብኝ እንዴ?» ብላ ጠየቀችን። አራተኛውና ይበልጥ ያሳፈረን፥ የብዙዎቻችንን ሌሊት የሚያስረዝመው ይኸው ማኅበራችን ሆኖ መገኘቱ ነው። ስብሰባዎቻችን በሰዓታቸው አይጀመሩም፤ ከተጀመሩም አያልቁም። ለተማሪው ደኅንነት ቆመናል እያልን የተማሪውን እንቅልፍ የምንወስድበት እኛው ነበርን።

ስለ እንቅልፍ ካነሣን አይቀር ጥቂት እንጨምር። አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት እንዲተኛ ሐኪሞች ይመክራሉ። አእምሮ ቀን የተማረውን አደራጅቶ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና፥ ሌሊቱን ሳይተኛ ያነበበ ተማሪ ያከማቸውን እህል በቀዳዳ ስልቻ እንደ ጫነ ሰው ነው። ጫትም ነገሩን ያብሰዋል። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ለጊዜው ያነቃል፤ ኋላ ግን እንቅልፍ ይነሣል፥ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፥ በማግሥቱም ድካምና ድብርት ያመጣል። ያን ድካም ለማባረር ደግሞ እንደገና ይቃማል። እዚህ ላይ የማንንም ጓደኛችንን ስም ለማጥፋት አንፈልግም። ነገር ግን «ጫት ተው» ማለት ብቻ እንደማይበቃ ከሙያው ተምረናል። ሰው ጫቱን ሲተው የጓደኞቹን ጨዋታም አብሮ ያጣል፤ ያ ሰዓት ባዶ ከሆነ ተመልሶ ይሄዳል። ስለዚህ ጫቱ የያዘውን ሰዓት የሚይዝ ሌላ ተግባርና ሌላ ጓደኝነት ማዘጋጀት ያሻል።

የአካል እንቅስቃሴም እንዲሁ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት በፍጥነት መራመድ ከዚህ ይደርሳል። ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ፥ በብስክሌቷም የታወቀች ናት፤ የዘንባባ ጥላና የሐይቅ ነፋስ አላት። ሌላው አገር በገንዘብ የሚፈልገው በደጃችን አለ። የሐይቁን ዳር ስናመሰግን ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለ፥ ጉማሬም ስለማይታጣ፥ መንሸራሸሩ በየብስ ይሁን እንጂ ሙቀቱ አስቸገረን ብላችሁ ወደ ውሃው አትግቡ።

እዚህ ላይ ከመካከላችሁ አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ለጠገበ ሰው የሚነገር ነው፤ ድኃ ተማሪ ምን ምርጫ አለው?» ትሉ ይሆናል። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ አንሸሸውም። ጓደኛችን ቅዳሜና እሑድ የሰው ልጆች ያስጠና የነበረው ዕረፍት ስለሚጠላ አልነበረም፤ እኅቱ ደብተር ስለሚያስፈልጋት ነበር። ከዚህም ሌላ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በአገራችን በደረሰው ጦርነትና መፈናቀል ምክንያት ብዙዎቻችን ስለ ወላጆቻችን በሐሳብ እየዋተትን ነው የምንማረው። ለእነዚህ ጓደኞቻችን «ተመዛዝናችሁ ኑሩ» ብሎ መስበክ ቀልድ ይሆናል።

የእናቶቻችን ቀን ደግሞ ከእኛ የከበደ ነው። በዚያን ጊዜ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፥ ክፍያ የሌለውን የቤት ውስጥ ሥራ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት እንደሚሸከሙት ታይቷል። ውሃ ቀድታ፥ እንጨት ለቅማ፥ እህል አሰናድታ፥ ልጅ አዝላ ለምትውል ሴት ሚዛኗን ያዛባው የራሷ ስንፍና አይደለም። የራቀ ምንጭ፥ የሚያጨስ ምድጃ፥ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ባልና ወንድ ልጅ ናቸው።

ሙያው ግን ይህን አይክድም። እንዲያውም ጥሩ ባለሙያ ሰውየውን ብቻ አይመረምርም፤ ቤቱን፥ መሣሪያውን፥ አብረውት የሚኖሩትንም ይመረምራል። ምንጩን ማቅረብ፥ ምድጃውን ማሻሻል፥ ሥራውን መከፋፈል ሁሉ ሕክምና ነው። ስለዚህ ከዚህ ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ፤ የአንድ ሰው ቀን የሚዛነፈው ሌሎች ሰዎች በላዩ በጫኑበት ነገር ጭምር ነውና፥ የሚቃናውም ሌሎች ሰዎች ሲያግዙት ነው። ጓደኛችን ብቻውን አልታመመም፤ እኛ እያየነው ታመመ። የሚጽፈውን ቃለ ጉባኤ በየተራ ብንጽፍለት ኖሮ በሳምንት ሁለት ሌሊት ይተኛ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር።

ስለዚህ ለጠቅላላ ጉባኤው የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፥ የማኅበሩ ስብሰባ ሁሉ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዲያልቅ፤ ያላለቀ ጉዳይ ለማግሥቱ እንዲተላለፍ።

ሁለተኛ፥ የጸሐፊነትና የመሳሰለው ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ከአንድ ወር በላይ እንዳይቈይ፤ በተራ እንዲሠራ።

ሦስተኛ፥ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የሐይቅ ዳር ጉዞ እንዲጀመር። መሮጥ የፈለገ ይሩጥ፥ ማዝገም የፈለገ ያዝግም፤ ስልኩን ግን በክፍሉ ይተው።

አራተኛ፥ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፥ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፥ ውሎን የመጻፊያ ወረቀት አባዝተን እንድንሰጥ፤ አንድ ነባር ተማሪም አብሯቸው ተቀምጦ እንዲያነበው።

አምስተኛ፥ ከጎንደር የሙያው መምህራን አንዱን ጊዜው ሲፈቅድ ጋብዘን ከእኛ ይልቅ ከሚያውቀው ሰው እንድንሰማ።

እኛ ሐኪሞች አለመሆናችንን አደራ አትርሱ። እንቅልፍ ለሳምንታት ያጣ፥ መብላት የተወ፥ መኖር ያስጠላው ጓደኛ ቢኖራችሁ፥ ወረቀት ጻፍ አትበሉት፤ ይዛችሁት ወደ ሐኪም ሂዱ። ውሎን ማደራጀት ከመድኃኒት ጋር የሚሄድ ነው እንጂ መድኃኒትን የሚያስጥል አይደለም።

ጓደኛችን በዚህ መንፈቅ ዓመት ተመልሶ ከእኛ ጋር ነው፤ አሁንም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያዳምጠናል። እንደ ድሮው አንደኛ ለመውጣት አይሮጥም። የሚያስጠናውን ከሁለት ቀን ወደ አንድ ቀን አድርጎታል፤ የቀረውን የእኅቱን ወጪ እኛ የክፍሉ ልጆች ተካፍለን ይዘናል። ሌሊት ይተኛል። የመጀመሪያው ወር አስቸጋሪ ነበር፤ ከአልጋው ላይ ሲገላበጥ ሰምተነዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ መጀመሪያ አንድ ሌሊት፥ ቀጥሎ ሦስት፥ ኋላም ሳምንቱን ሞላለት። ባለፈው ሐሙስ ክራሩን አውጥቶ ሲቃኝ አገኘነው። ሁለት ክር ተበጥሶበታል፤ ቢሆንም በቀሩት መታው።

ዛሬ ማታ ወደ ክፍላችሁ ስትመለሱ አጠገባችሁ የሚተኛውን ጓደኛችሁን ያን የሐኪሟን ጥያቄ ጠይቁት። መልሱንም እስከ መጨረሻው አድምጡት።

 የምንጠራው ሌላ ጉዳይ ስለሌለ፥ ሰዓቱም ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ስለ ደረሰ፥ ስብሰባው እዚህ ላይ እንዲያልቅ እንለምናለን።